አቮካዶው ለምን ይጠቁራል? ፓፓያው ለምን ይመራል? ለጁስ ቤቷ እህታችን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት ከከፈተች ሦስት ወሯ ነው። «ጠዋት 1 ሰዓት የፈጨሁት አቮካዶ 4 ሰዓት ሳይሞላ ቡኒ ይሆናል። ሎሚ ጠብ አደረግኩበት፣ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ፍሪጅ ከተትኩት፣ እዚያም ጠቆረ። አንዱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪው ብሎኝ ነከርኩት፣ ጭራሽ ባሰበት። ፓፓያ በወተት ደግሞ እንደተፈጨ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ከቆየ ይመራል፤ ደንበኛ ቀምሶ መልሶልኛል። አሁን አንድ ሰው ቀለሙን የሚያቆይ ነጭ ዱቄት ላምጣልሽ እያለኝ ነው። የቱ ጋ ነው የማጠፋው?» ብላለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ዱቄቱን አትግዢ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ከሙቅ ውሃው በቀር የሞከርሽው ሁሉ ልክ ነው፤ የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሎሚውም ቅዝቃዜውም መቅደም ያለባቸው ቢላውን ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ ፈጭተሽ፣ ከዚያ ሎሚ ጠብ አድርገሽ፣ ከዚያ ፍሪጅ ትከቻለሽ። ያኔ ነገሩ አምልጦሻል።

እኔ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በየዓመቱ «ሙቀትና አሲድ በኢንዛይም ሥራ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ» የሚል የላብ ሥራ እናሠራለን። ተማሪዎቹ ይሠሩታል፣ ግራፉን ይስሉታል፣ ፈተናው ሲያልቅ ይረሱታል። አንቺ ግን በሦስት ወር ውስጥ ሳታውቂው ሙሉውን ላብ ሠርተሽዋል። ሙቀቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ አሲዱን፣ ሁሉንም በየተራ ሞክረሻል። የቀረሽ ውጤቱን ማንበብ ብቻ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አቮካዶው ውስጥ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ «አጥቋሪው» ልበለው። ኢንዛይም ማለት ፕሮቲን ነው። ረጅም ክር ተጠቅልሎና ተጣጥፎ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል፣ በቅርጹ መካከል ትንሽ ኪስ አለች፣ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚያች ኪስ ውስጥ ነው። የአጥቋሪው ኪስ ውስጥ መዳብ አለ። ፌኖል የሚባሉ ቀለም የሌላቸው ነገሮች ወደ ኪሷ ይገባሉ፣ ከአየር የመጣ ኦክስጅንም ይገባል፣ ሲወጡ ኪኖን ሆነው ነው። ኪኖኖቹ ከዚያ ወዲያ ኢንዛይም አያስፈልጋቸውም፤ ራሳቸው እርስ በርስ እየተያያዙ ቡኒ ይሆናሉ። ይሄ ቡኒ ለቆዳችንና ለፀጉራችን ቀለም የሚሰጠው የሜላኒን ዘመድ ነው።

ታዲያ አቮካዶው ሳይቆረጥ ለምን አይጠቁርም? ሁሉም ነገር ውስጡ አለ እኮ። መልሱ ግድግዳው ነው። ፌኖሉ በየሴሉ ውስጥ ባለች የውሃ ከረጢት ተቆልፎ ይቀመጣል፣ አጥቋሪው ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፣ አይገናኙም። ብሌንደሩን ስታስነሺው ግድግዳው ሁሉ ይፈርሳል። በዚያ ላይ ብሌንደሩ አየር እየመታ ያስገባል። ያቺ አንድ ደቂቃ ናት ሁሉንም የምታገናኛቸው። ሰዓትሽን መቁጠር የምትጀምሪው ከዚያ ደቂቃ ነው እንጂ ጁሱ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠበት አይደለም።

ከመመለሴ በፊት በወሬ ብቻ እንዳይሆን ቅዳሜ ዕለት ቤቴ ሞከርኩት። ሁለት የበሰለ አቮካዶ ገዛሁ፣ በሹካ ደፍጥጬ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ላይ አከፋፈልኩት። አንደኛውን እንዳለ ተውኩት። ሁለተኛውን ፍሪጅ ከተትኩት። ሦስተኛውን ብርጭቆ፣ ጣት ሲገባበት የሚያቃጥል ግን የማይፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቆምኩት። አራተኛው ላይ ከተደፈጠጠ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሎሚ ጨመርኩ። አምስተኛው ላይ ሎሚውን ብርጭቆው ውስጥ አስቀድሜ፣ አቮካዶውን እዚያው ሎሚው ላይ ደፈጠጥኩት። ስድስተኛውን ምንም ሳልጨምር ስስ ላስቲክ አቮካዶው ላይ አስተኝቼ አየር እስኪወጣ በጣቴ ተጫንኩት።

መጀመሪያ የጠቆረው ሙቅ ውሃ ውስጥ ያለው ነው። ቡና እስካፈላ ድረስ ዳር ዳሩ ተቀይሮ ነበር። ቀጥሎ እንዳለ የተውኩት ተከተለ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ምሳ በልቼ ሳየው ገና አረንጓዴ ነበር፣ ወደ ማታ ግን እሱም ደበዘዘ። የገረመኝ አራተኛውና አምስተኛው ናቸው። ሁለቱም ላይ የጨመርኩት ሎሚ እኩል ነው፤ ግን አራተኛው ውስጥ ቡናማ ክሮች ቀድመው ገብተው ስለነበር ሎሚው ቢቀላቀልም ዝንጉርጉር ሆኖ ቀረ። አምስተኛው ማታም አረንጓዴ ነበር። ስድስተኛውስ? ላስቲኩ የነካው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ ቀርታ ነበር፣ ከሥሯ ልክ የእሷን ያህል ክብ ቡኒ ነጥብ ወጥቶ አገኘሁ። እሷን ነጥብ ሳይ ደስ አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የት ይገኛል።

አሁን አንድ በአንድ እንሂድ።

ፍሪጁ ለምን አላዳነሽም? ብዙ ሰው ቅዝቃዜ ኢንዛይምን ይገድለዋል ብሎ ያስባል። አይገድለውም። ያዘገየዋል እንጂ። በደምሳሳው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የኢንዛይሙ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። ጁስ ቤትሽ ውስጥ 24 ዲግሪ ነው እንበል፣ ፍሪጅሽ 4። ልዩነቱ 20 ነው፣ ሁለት ጊዜ ግማሽ፣ ማለትም ሩብ። ውጭ በአንድ ሰዓት የሚጠቁረው ፍሪጅ ውስጥ አራት ሰዓት ገደማ ይቆያል ማለት ነው፤ አይቆምም። ይሄም የሚሆነው ጁሱ ራሱ 4 ዲግሪ ከደረሰ ነው። አንቺ ግን የምትከቺው ሦስት ሊትር ሙሉ ጆግ ይመስለኛል። የአቮካዶ ጁስ ወፍራም ነው፣ መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ጊዜ አጥቋሪው ሥራ ላይ ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ አለ፣ ደንበኛ ሲበዛ ፍሪጁ በየደቂቃው ሲከፈት አለ።

ስለዚህ ጁሱን ሳይሆን አቮካዶውን አቀዝቅዢ። የበሰለውን ማታ ሙሉውን ፍሪጅ ክተቺው፣ ጠዋት ከነቅዝቃዜው ቁረጪው። ጆጉንም፣ ውሃውንም አቀዝቅዢ። ብሌንደሩ ግድግዳውን ሲያፈርስ አጥቋሪው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ይገኛል። ያልበሰለውን ግን አትክተቺ፣ እዚያ ውስጥ በደንብ አይበስልም። መብሰልም የኢንዛይሞች ሥራ ነውና።

ዲፕ ፍሪዘር ያላቸው ሰዎች «እኔ በረዶ አድርጌው አወጣዋለሁ» ይሉሻል። በረዶ ሆኖ ሳለ ልክ ናቸው፣ ሥራው የቆመ ያህል ነው። በረዶው ሲቀልጥ ግን ከበፊቱ ይብሳል። የበረዶ ቅንጣቶቹ የሴሉን ግድግዳ ይበሱታል፣ አጥቋሪውና ፌኖሉ ያለ ብሌንደር ይገናኛሉ፣ ኢንዛይሙም ምንም አልሆነም፣ ሲሞቀው ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል። አትክልት የሚያቀዘቅዙ ፋብሪካዎች መጀመሪያ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ የሚያሳልፉት ለዚህ ነው። ኢንዛይሙን ቀድመው ጨርሰው ነው ወደ በረዶው የሚያስገቡት።

ሙቅ ውሃውን የመከረሽ ሰው ይሄን ሰምቶ መሰለኝ። ሀሳቡ ግማሽ እውነት አለው። ሙቀት ኢንዛይምን ያጠፋል፤ ግን ከማጥፋቱ በፊት ያፈጥነዋል። ሙቀቱ ሲጨምር ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፣ ፌኖሉ ወደ ኪሷ የሚገባበት ጊዜ ያጥራል፣ ሥራው ይጧጧፋል። ከአንድ ደረጃ በላይ ሲሆን ግን የተጣጠፈው ክር ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ይፈታል፣ ኪሷ ትጠፋለች። አጥቋሪው 50 ዲግሪ ላይ ገና ብርቱ ነው፤ በደንብ የሚሰበረው ከ70 በላይ ሲሆን ነው፣ 80 እና 90 ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አንቺ የነከርሽበት ውሃ ምናልባት 50 ነበር። ኢንዛይሙን አላጠፋሽውም፣ እሳት ለኮስሽለት እንጂ። በዚያ ላይ ሙቀቱ የሴሉንም ግድግዳ አላልቶታል።

እንቁላልን አስቢ። ፍሪጅ ውስጥ ወር ብታቆዪው ነጩ ክፍል ፈሳሽ ነው። ቀቅለሽው ብታቀዘቅዢው ግን ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም። ቅዝቃዜ ፕሮቲኑን ያስተኛዋል፣ ሙቀት ያፈርሰዋል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዢ ብትይኝ ይህችን ነው የምልሽ።

«እሺ፣ ውሃውን ላፍላውና ልንከረው?» እንዳትዪኝ። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም አጥቋሪውን ለመጨረስ ይበቃል። ለድንች ይሠራል። ልጠሽ ፈላ ያለ ውሃ ውስጥ አሳልፈሽ ብታወጪው አይጠቁርም። አቮካዶ ግን ሲሞቅ ይመራል። አረንጓዴ ሆኖ መራራ ጁስ ምን ይጠቅምሻል? ትልልቅ ፋብሪካዎች የተፈጨ አቮካዶ ሲያሽጉ ከማሞቅ ይልቅ በከባድ ግፊት የሚጨምቁት ለዚህ ነው፣ ግፊቱ እስከ 6,000 አትሞስፌር ይደርሳል። እሱ አራት ኪሎ የለም። እንተወው።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። ሁሉም ኢንዛይም በአንድ ዲግሪ አይሰበርም። ከአንቺ ሠፈር ዝቅ ብሎ ፍልውሃ አለ። እንደ እሱ ያሉ፣ አንዳንዶቹም ከእሱ በጣም የባሱ ሙቅ ምንጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ኢንዛይማቸው የእኛ በሚቀቀልበት ሙቀት ሥራውን ይሠራል። ክራቸው ጠበቅ ብሎ የተቋጠረ ነው። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም አፍንጫችን ተጠርጎ የተሰጠን የፒሲአር ምርመራ የቆመው በእንዲህ ዓይነት ኢንዛይም ላይ ነው። አሜሪካ የሎውስቶን ከሚባል ቦታ ፍልውሃ ውስጥ በ1960ዎቹ ከተገኘ ባክቴሪያ ነው የመጣው። በየዙሩ እስከ 95 ዲግሪ እያሞቁት አይሰበርም።

አሁን ሎሚው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ሎሚ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ነው የሚሠራው።

አንደኛው አሲድነቱ ነው። አሲድነት በፒኤች ይለካል። ይህን መለኪያ በ1909 ያወጣው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ነው፣ የሚሠራውም አንድ ቢራ ፋብሪካ ባቋቋመው ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ኢንዛይሞች እንደ አሲዱ መጠን ሥራቸው ሲቀያየር አይቶ፣ አሲዱን በትክክል ሳይለኩ ስለ ኢንዛይም ማውራት አይቻልም ብሎ ነው ያወጣው። 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። አንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ሁለት ከወረደ 100 እጥፍ። የአቮካዶ ሥጋ 6.5 ገደማ ነው፣ አጥቋሪው ደግሞ ከ5 እስከ 7 ባለው ውስጥ ደልቶት ይሠራል። ተስማምተው ነው የሚኖሩት። የሎሚ ጭማቂ 2 ነገር ነው። ፒኤቹ ወደ 4 ከዚያም ወደ 3 ሲወርድ በኢንዛይሙ ክር ላይ ያሉት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጆች ይቀያየራሉ፣ ክሩን ይዘው የነበሩት መሳሳቦች ይላላሉ፣ ኪሷ ትጣመማለች። አሲድ ፕሮቲን ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ወተት ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊ፤ ወዲያው ይቋጥራል።

አንቺ ግን ለሦስት ሊትር ስንት ሎሚ ጨመርሽ? «ጠብ አደረግኩ» ነው ያልሽው። እኔ ከላብ በያዝኩት የፒኤች ወረቀት ነካ ነካ አድርጌ አይቻለሁ። ባንድ አቮካዶ ላይ አራት አምስት ጠብታ ሲገባ ወረቀቱ ቀለሙን የቀየረ አይመስልም፣ ከ6 ብዙም አልወረደም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲሆን ወደ 4 ተጠጋ። ሎሚ ጠብ ማድረግ ለጣዕም ነው፤ ለአጥቋሪው ከሆነ ላንድ መካከለኛ አቮካዶ ሁለት ማንኪያ ገደማ ያስፈልጋል። ኮምጣጣነቱ ከበዛ ስኳሩን አስተካክዪ። ደንበኞችሽ ስፕሪስ በሎሚ የለመዱ ናቸው፣ የሚከፋቸው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቫይታሚን ሲ ነው። ይሄ ኢንዛይሙን አይነካውም። ከኪሷ የወጣውን ኪኖን ቡኒ ከመሆኑ በፊት ይዞ ወደ ፌኖል ይመልሰዋል። አጥቋሪው ይሠራል፣ ቫይታሚን ሲ ያፈርሳል። ግን እየሠራ ራሱ ያልቃል። ሲያልቅ ቡኒው እንደገና ይጀምራል። «ዘገየ እንጂ አልቀረም» ያልሽው ይሄን ነው! ጥሩ አድርገሽ አይተሻል። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ማርክ እሰጥ ነበር።

ሦስተኛው ሲትሪክ አሲዱ መዳቡን መያዙ ነው። ኪሷ ውስጥ ያለው መዳብ ከተያዘ ኢንዛይሙ እጅ እንደሌለው ሠራተኛ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በአሲድ የተጣመመ ኢንዛይም ብዙ ጊዜ እንደተቀቀለው አይደለም፣ አሲዱ ከቀነሰለት ሊመለስ ይችላል። በሎሚ ያቆየሽውን አቮካዶ ከወተት ጋር ስትቀላቅዪው ፒኤቹ ወደ ላይ ይመለሳል፣ አጥቋሪውም ይነቃል። ሙዝ ከጨመርሽ ደግሞ ይብስ፤ ሙዝ የራሱን አጥቋሪ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ድብልቁን ደንበኛው ሲያዝ ብቻ ቀላቅዪው። ስፕሪስ በየንብርብሩ መቀዳቱ ለዓይን ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ሳይታሰብ ጥሩ ኬሚስትሪ ነው።

ኦክስጅኑን አንርሳ። ነገ ጠዋት የተረፈ ጁስ ካለሽ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አውጥተሽ ከጎን እይው። ላይኛው የጣት ውፍረት ያህል ቡኒ ነው፣ ከሥሩ አረንጓዴ ነው፣ መሃላቸው በመስመር የተለየ ይመስላል። ሥር ያለው ኢንዛይም አንሶ ወይም ፌኖል ጎድሎት አይደለም። አየር አልደረሰውም። ከሥራ ሰዓት በኋላ የአራት ኪሎን የታክሲ ሰልፍ ታውቂው የለ? ሦስት ሚኒባስ ብቻ ካለ ሰልፉ ላይ መቶ ሰው ቢጨመር የሚሄደው ሰው ቁጥር አይጨምርም። ታክሲ ሞልቶ ሰው ከሌለም እንደዚያው ነው። ኢንዛይምም እንዲሁ ነው፣ የሚሠራበት ነገር ሲበዛለት እስከ አቅሙ ይፈጥናል፣ ከዚያ ወዲያ አይጨምርም፣ ካጣ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ታች ያለው ጁስ ውስጥ አጥቋሪው ተሰልፎ ኦክስጅን እየጠበቀ ነው። ደግመሽ ባማሰልሽው ቁጥር ተሳፋሪ እያመጣሽለት ነው። ስለዚህ ላይኛው ሲጠቁር አታማስዪ፣ በማንኪያ ገፈሽ አንሺው።

ጆጉን እስከ አፉ ሙዪው። በትልቅ ጆግ ውስጥ ትንሽ ጁስ አታስቀምጪ፣ ወደ ትንሽ ገልብጪው። ስስ ላስቲኩን የጆጉ አፍ ላይ ሳይሆን ጁሱ ላይ አስተኚው። ፍሬውን ጁሱ ውስጥ ብትተዪው አይጠቁርም የሚሉሽ አሉ፤ ፍሬው የሚከላከለው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው፣ አየር ስለሚከለክል። ሌላ ተዓምር የለውም። የአቮካዶ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል፣ አንዳንዱ ዝርያ ብዙ አጥቋሪ አለው፣ አንዳንዱ ትንሽ፤ አምጪሽን ከየት እንደሚያመጣው ጠይቂውና ቶሎ የማይጠቁረውን ለይተሽ ያዢ።

አሁን ወደ ነጭ ዱቄቱ። አላየሁትም፣ ግን በዚህ ሥራ «ቀለም የሚያቆይ ነጭ ዱቄት» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሰልፋይት ነው። ይሠራል፣ አጥቋሪውን ቀጥ ያደርገዋል፣ ኪኖኑንም ይይዘዋል። ችግሩ አስም ያለበት ሰው ላይ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ሊያስነሳ መቻሉ ነው። አሜሪካኖች በጥሬው በሚበላ ፍራፍሬና አትክልት ላይ በ1986 የከለከሉት ሰው ሞቶባቸው ነው። አንቺ ጋ ከሚመጡት ደንበኞች መሃል የትኛዋ ተማሪ አስም እንዳለባት በምን ታውቂያለሽ? ብርጭቆው ላይ አይጻፍም። ስሙና መጠኑ ያልተጻፈበት ዱቄት ከማንም እጅ አትቀበዪ። ዱቄት ካማረሽ ለምግብ ተብሎ የታሸገ ሲትሪክ አሲድ ወይም ቫይታሚን ሲ ግዢ፣ ሎሚ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከቀለሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አጥቋሪው ያጠቆረው አቮካዶ ቢጠጡት አይጎዳም፣ መልኩ ነው የከፋው። ጀርም ግን ቀለም የለውም። ሎሚ በደንብ አድርገሽበት አረንጓዴነቱን እስከ ማታ ብታቆዪው፣ ማታ ላይ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። እስካሁን ቡኒው እንደ ሰዓት ሆኖ ያገለግልሽ ነበር፤ ሲጠቁር ትደፊው ነበር። አሁን እሱን ሰዓት ልናቆምብሽ ነው። ስለዚህ ጆጉ ላይ የፈጨሽበትን ሰዓት በወረቀት ለጥፊ፣ ፍሪጅ ያልገባ ጁስ ሁለት ሰዓት ካለፈው አረንጓዴም ቢሆን አትሽጪው። መብራት ከጠፋም ከጠፋበት ሰዓት ጀምረሽ ቁጠሪ። አቮካዶውን ሳትቆርጪው ልጣጩን እጠቢ፣ ቢላው ከልጣጩ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።

ፓፓያው ቀረ። ይሄ ሌላ ኢንዛይም ነው፣ ፓፔይን ይባላል፣ ስሙም ከፓፓያ ነው የወጣው። ሥራው ፕሮቲን መቁረጥ ነው። ጥሬ ፓፓያ ስትቧጥሪ የሚወጣው ነጭ ወተት መሳይ ነገር በእሱ የተሞላ ነው፤ በብዙ አገር ጠንካራ ሥጋ ለማለስለስ ይጠቀሙበታል። የበሰለው ላይ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። ወተት ውስጥ ኬዚን የሚባል ፕሮቲን አለ። ፓፔይን ኬዚኑን ቆራርጦ ቁርጥራጭ ያደርገዋል፣ ከቁርጥራጮቹ አንዳንዶቹ ምላስ ላይ መራራ ናቸው። ሙሉው ኬዚን አይመርም፣ የተቆረጠው ነው የሚመረው። ደንበኛሽ ልክ ነበር፣ አንቺም አልበደልሽም፣ ወተቱም አልተበላሸም።

አጋጣሚ ሆኖ ወተት ለፓፔይን ተመራጭ ቦታው ነው፣ ፒኤቹ 6.7 ገደማ ስለሆነ። ሙቀትም ይወዳል፣ 65 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚበረታው፣ ከብዙ ኢንዛይም ይልቅ ሙቀት ይችላል። ጠዋት አፍልተሽ ገና ሳይበርድ የጨመርሽበት ወተት ከነበረ ምሬቱ የፈጠነው ለዚያ ነው። እዚህ ላይ ሎሚ አያድንሽም፣ ወተቱን ይቋጥርብሻል። መድኃኒቱ ቅዝቃዜና ፍጥነት ነው። ወተቱን አፍልተሽ በደንብ አቀዝቅዢው፣ ፓፓያውንም አቀዝቅዢው፣ ደንበኛው ሲያዝ ፍጪና ወዲያው ስጪው። ፓፓያ በወተት በጆግ ተፈጭቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አናናስም እንደሱ ነው፣ የራሱ ቆራጭ አለው፤ ብዙ ስንበላ ምላሳችንን የሚለበልበን አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ማንጎ በወተት ግን አያስቸግርሽም።

ሌላ ሰው ደግሞ በዚሁ ጥያቄ ሥር «በየሆዳችን ያሉት ኢንዛይሞችስ በሎሚ አይበላሹም ወይ?» ብሎ ጠይቆ አይቻለሁ። አይበላሹም። ጨጓራ ራሱ ከሎሚ እኩል ወይም የባሰ አሲድ ነው። እዚያ ያለው ፔፕሲን 2 አካባቢ ላይ ነው የሚሠራው፣ አቮካዶሽን የሚያድነው አሲድ ለእሱ ቤቱ ነው። ከጨጓራ ወጥቶ ትንሹ አንጀት ሲገባ ደግሞ አሲዱ ይቀንሳል፣ እዚያ ትሪፕሲን የሚባለው 8 ላይ ይረከባል። የምራቅ አሚሌዝ ወደ 7 ይጠጋል፤ ዳቦ ሳትውጪ ረዘም አድርገሽ ብታኝኪ እየጣፈጠ የሚመጣው ስታርቹን ወደ ስኳር እየቆረጠው ስለሆነ ነው። ሻላና ጭቱ ሐይቅ ሂጂ ደግሞ፣ ውሃው 10 አካባቢ ነው፣ እንደ ሳሙና ያለ፤ እዚያም የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ኢንዛይማቸው በዚያ ውስጥ ይሠራል። ኢንዛይም ያለባቸው የልብስ ኦሞዎች የሚፈልጉት እንዲህ ዓይነቱን ነው፣ የሳሙና ውሃ አልካላይን ስለሆነ። ሽርጥሽ ላይ የወተት ነጠብጣብ ካለ በእንደዚህ ዓይነት ኦሞ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ በፈላ ውሃ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂዋለሽ።

ለነገ ጠዋት እንዲህ አድርጊ። ዛሬ ማታ የበሰሉትን አቮካዶዎች፣ ጆጉንና ውሃውን ፍሪጅ ክተቺ። ጠዋት ሎሚውን መጀመሪያ ብሌንደሩ ውስጥ ጨምቂ፣ አቮካዶውን ከነቅዝቃዜው ሎሚው ላይ ጣዪ፣ አጭር አድርገሽ ፍጪ፣ አየር እንዳይበዛበት። በአንድ ጊዜ ሦስት ሊትር አትፍጪ፣ አንድ አንድ ሊትር አድርጊው። ሮብና ዓርብ አቮካዶ ብዙ ስለሚፈለግ ያኔ ቶሎ ቶሎ እየፈጨሽ ታወጫለሽ፣ ሌላ ቀን ግን ግማሽ ሊትርም ይበቃል። አንዷን ብርጭቆ እንደ ድሮሽ አድርገሽ ጎን ለጎን አስቀምጫት፣ 4 ሰዓት ላይ ሁለቱን አስተያይና ያየሽውን ጻፊልኝ። የሎሚውን ብዛት ከዚያ ተነስተን እናስተካክለዋለን።